ፖሊስ ተኩሶ ሰው ሲሞት ማን ይጠየቃል? ጠይቁኝ

ሰላም ሁላችሁ። የሰብዓዊ መብት ህግ ላይ ነው የምሰራው፣ ፖሊስ መቼ መተኮስ ይችላል፣ ሰው ከሞተስ ምን መደረግ አለበት በሚለው ላይ የመጡትን ጥያቄዎች አንድ ባንድ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰርቆ የሚሮጥን ሰው ፖሊስ በጥይት መምታት ይችላል እንዴ?

አይችልም። በ1990 ሃቫና ላይ የፀደቀው የተመድ መርሆ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ የሚቻለው ህይወት ለማትረፍ ሌላ ምንም መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው ይላል፣ ንብረት እዚህ ውስጥ የለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1985 በሰጠው ውሳኔ፣ ሜምፊስ ውስጥ መሳሪያ ያልያዘ የ15 ዓመት ልጅ አጥር ሊዘል ሲል ተመትቶ በሞተበት ጉዳይ፣ ለሰው አደገኛ ያልሆነ ተጠርጣሪ ስለሸሸ ብቻ አይተኮስበትም ብሏል።

ጥያቄ፦ እሺ ለምን እግሩን አይመቱትም?

ይሄ ሁሌ ይጠየቃል። ጭን ውስጥ ትልቅ የደም ስር አለ፣ እሱ ከተመታ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈሶ ሊሞት ይችላል፣ የሚሮጥ እግር ደግሞ ለመሳት ቀላል ነው፣ ጥይቱ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ስለዚህ የትም ይተኮስ ገዳይ ኃይል ነው፣ መጠየቅ ያለበት ቀድሞ ነገር ለምን ተኮሰ የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ አዞኝ ነው ቢልስ?

ትዕዛዙ በግልፅ ህገወጥ ከሆነና እምቢ የሚልበት እድል ከነበረው አያድነውም። አለቃውም ይጠየቃል፣ ያዘዘው ብቻ ሳይሆን እያወቀ ዝም ያለውም። አስቸኳይ ጊዜ ነበር ማለትም አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምንድነው ሁሌ ተድበስብሶ የሚቀረው?

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ህጉ ጠፍቶ አይደለም እኮ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በማን እጅ ናቸው ነው ነገሩ። ሬሳውን የሚያነሳው፣ ቀለሃውን የሚለቅመው፣ ምስክር የሚያናግረው የተኳሹ ባልደረባ ከሆነ መዝገቡ ገና ሳይከፈት ተበላሽቷል። ደቡብ አፍሪካ ማሪካና ላይ በ2012 ፖሊስ በአንድ ቀን 34 የማዕድን ሰራተኞች ገደለ፣ በኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ ፊት የቀረቡት ፎቶዎች መጀመሪያ ምንም ያልነበረበት ሬሳ አጠገብ በኋላ መሳሪያ ተቀምጦ አሳዩ። አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድም በ2020 በፖሊስ እጅ ሲሞት የሚኒያፖሊስ ፖሊስ መጀመሪያ ያወጣው መግለጫ የጤና እክል ገጠመው አይነት ነበር፣ አንገቱ ላይ ስለተንበረከከው ፖሊስ ቃል አልተነፈሰም፣ መንገደኛ የቀረፀችው ቪዲዮ ነው ያጋለጠው፣ ፖሊሱም በ2021 22 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት። ለዚህ ነው ከፖሊስ ውጪ የሆነ፣ የራሱ መርማሪ ያለው፣ ግድያው እንደደረሰ ወዲያው ተነግሮት ቦታው ላይ የሚደርስ አካል ያስፈልጋል የምለው። ኬንያ በ2011 እንዲህ አይነት ተቋም በህግ አቋቁማለች፣ ሰሜን አየርላንድም ከ2000 ጀምሮ አላት። ተቋሙ ግን ማስረጃ አስገድዶ የመውሰድ ስልጣን ከሌለው ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ የኛ ሰው ሞቶብናል፣ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

እህቴ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። የአስከሬን ምርመራ በፅሁፍ ጠይቁ፣ በ2016 የተሻሻለው የሚኒሶታ ፕሮቶኮል (አጠራጣሪ ሞት እንዴት እንደሚጣራ የሚናገር የተመድ መመሪያ ነው) የቤተሰብ ተወካይ ምርመራው ላይ መገኘት መቻል አለበት ስለሚል የምታምኑት ሀኪም ካለ ይግባ። የለበሰውን ልብስ እንዳታጥቡ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት። ቪዲዮ ያለው ሰው ኦሪጅናሉን ሳይቆርጥ ይያዝ። የምስክሮችን ስም ዛሬውኑ ፃፉ ግን ፖስት አታድርጉ፣ ለነሱ አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ መንግስት ካሳ ከከፈለ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው?

አይደለም። ካሳ የቤተሰቡ መብት ነው፣ የወንጀል ምርመራውን ግን አይዘጋም። ክሱን ተዉት ተብሎ የሚፈረም ወረቀት ከመጣ ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሙ።