ስለ መልእክቶቻችን ምስጢር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ መልእክት መላኪያ መተግበሪያዎች ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ አዲስ ስልክ ገዝቼ ቴሌግራምን ስከፍት የድሮ መልእክቶቼ በሙሉ ጠበቁኝ። ዋትስአፕ ግን ባዶውን ቀረ። ታዲያ ቴሌግራም አይሻልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እነዚያ መልእክቶች ከየት መጡ? አሮጌው ስልክህ አልላካቸውም፤ ከኩባንያው ሰርቨር (መረጃ ከሚያከማችበት ኮምፒውተር) ነው የወረዱት። የተለመደው የቴሌግራም ውይይት እዚያ ይቀመጣል፤ መክፈቻ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። ዋትስአፕ ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቱን ላኪው ስልክ ላይ ይቆልፈዋል፤ የሚከፈተውም ተቀባዩ ዘንድ ነው። ምትኬ (ባክአፕ፣ የመልእክቶቹን ተጠባባቂ ቅጂ) ካላስቀመጥህ ስልኩ ሲጠፋ መልእክቱም አብሮ ይጠፋል። ያ ያበሳጨህ ባዶነት የጥበቃው ዋጋ ነው።

ጥያቄ፦ ምትኬውስ ያው የተቆለፈ አይደለም?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ዋትስአፕ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምትኬውንም መቆለፍ ያስችላል፤ ነገር ግን ራስህ ካላበራኸው አይሠራም። ስታበራው የምታወጣውን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፈህ አስቀምጥ። ስልኩም የይለፍ ቃሉም ከጠፉ ኩባንያው ሊከፍትልህ አይችልም።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ውጭ ለመሄድ የፓስፖርቴን ፎቶ ለወኪል በቴሌግራም ልኬአለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ ፎቶውን ተጭነሽ ይዘሽ ከሁለታችሁም ዘንድ አጥፊው። ሰውየው ቀድሞ አስቀምጦት ከሆነ ግን ቅጂው እጁ ላይ ይቀራል። ለወደፊቱ ስሙን ነክተሽ፣ ከሦስቱ ነጥቦች ሥር «ምስጢራዊ ውይይት» የሚለውን ክፈቺ። ይህ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ፣ በተጀመረበት መሣሪያ ላይ ብቻ የሚታይ ነው፤ ለቡድን አይሆንም። እንዲህ ያለ አስፈላጊ ነገር ማንም በማይደርስበት ጥግ መቀመጡ ያሳዝነኛል። በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች መኖሩን እንኳን አያውቁም።

ጥያቄ፦ በማኅበራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ስልክ ቁጥሬ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። በግላዊነት ቅንብር ውስጥ «ስልክ ቁጥር» የሚለውን ከፍተው «ማንም አይይ» የሚለውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ዋትስአፕ ላይ ማንበቤን የሚያሳየውን ሰማያዊ ምልክት ባጠፋውስ?

መልስ፦ የሌሎቹንም አታይም። በቡድን ውስጥ ደግሞ ማጥፋቱ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ለእናቴ ሲግናል የተባለውን የመልእክት መተግበሪያ ልጫንላት?

መልስ፦ ሲግናልን እኔ አምነዋለሁ፤ ነገር ግን እህቶቿና ጎረቤቶቿ ከሌሉበት በሳምንቱ ትተወዋለች። በለመደችው ዋትስአፕ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ዋትስአፗ በሌላ ስልክ ሲከፈት የሚጠየቀውን ተጨማሪ የምስጢር ቁጥር) አብሪላት። በአጭር መልእክት የሚመጣላትን ባለስድስት አሃዝ ቁጥር ለማንም እንዳትሰጥ ንገሪያት፤ «እኔ ነኝ ብዬ ብጽፍልሽም እንኳን ደውለሽ ድምፄን ሳትሰሚ እንዳትልኪ» በያት። አጭበርባሪዎች የእናትን ስልክ የሚጠልፉት ቀድሞ በጠለፉት የልጇ ስም ጽፈው ሊሆን ይችላል።