አንገታችሁን አዙሩ

ልጆቼ፣

ጠዋት 12 ሰዓት ሜዳ ላይ ስንገናኝ የምጮኸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ኳሱ ሳይደርስህ ዙሪያህን እይ!» እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ። አንዳችሁማ ቤቱ ሄዶ «ጋሼ አንገቴን ሊያጣምሙት ነው» ብሏል አሉ። ሜዳ ላይ ሳወራ አትሰሙኝም፤ ስልክ ላይ ግን ታነባላችሁ። ስለዚህ ጻፍኩት።

እኔ አማካይ ነበርኩ። ሩጫ የለኝም፣ ጎል የለኝም፤ ብሔራዊ ቡድንም አልደረስኩም። የነበረኝ ዓይን ነው፤ እሱንም ያገኘሁት ከአጎቴ ነው። በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ይቀዝፍ ነበር። እጁን አያይም። ሩቅ ነው የሚያየው። ነፋስ ሲመጣ ውሃው አስቀድሞ ከሩቅ ይጠቁራል። ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ሲነሳ እሱ ዳር ወጥቶ ታንኳውን እያደረቀ ነው።

ዲዲዬ ዴሾምፕን ታውቁታላችሁ፤ የፈረንሳይ አሰልጣኝ ሆኖ። ሲጫወት ግን ተከላካይ አማካይ ነበር። ኳስ ይነጥቃል፣ ቅርቡ ላለው ይሰጣል፣ አለቀ። ፈረንሳዊው ተጫዋች ኤሪክ ካንቶና «ውሃ ተሸካሚ» ብሎ ቀልዶበታል። እኔ እናቴ እንስራ አዝላ ስትወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ይሄ ስድብነቱ አልገባኝም። ያ ውሃ ተሸካሚ በ1998 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን አነሳ። በ2012 ብሔራዊ ቡድኑን ያዘ፤ በ2018 በአሰልጣኝነት ደገመው። ክሮኤሺያን 4 ለ 2።

4 ለ 2 ስል የኛው ትዝ ይለኛል። ጥር 1954 ዓ.ም. (ይሄ በኛው አቆጣጠር ነው)፣ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት። አምበሉ አማካዩ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ግብፅ 2 ለ 1 ስትመራን አቻ ያደረገን እሱ ነው። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀበለ፤ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሰለጠነ። እናንተ ከፈረንሳዩ አጥቂ ከምባፔ በፊት የሱን ስም ብታውቁ ደስ ይለኛል።

ማየት ብቻውን ግን አሰልጣኝ አያደርግም። ይሄን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር፤ የሰፈር ቡድን ይዤ። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ኳስ እግሩ ላይ ይጣበቃል። ሁለት ሰው ካላለፈ አይለቅም። እኔ ደግሞ እኔን እንዲሆን ፈለግኩ። ከመስመሩ ዳር «አቀብል! አቀብል!» እያልኩ ጉሮሮዬ ተዘጋ። አንድ እሁድ እረፍት ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ቀስ ብሎ ፈታ። ጫማውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ለምን አይገቡም?» አለኝ፤ በካልሲው ሄደ። አልተመለሰም። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ያሳፍረኛል፤ ሒሳብ አይቀበለኝም። ይሄ ነው የሚያመኝ።

ዴሾምፕ እንደኔ አልተሳሳተም። በ2018 የ19 ዓመቱን ምባፔን ሁለተኛ ዴሾምፕ ሊያደርገው አልሞከረም፤ እንዲሮጥ ተወው። ውሃውን አማካዩ ካንቴ ተሸከመ።

አሰልጣኝ መሆን የምታስቡ ካላችሁ ላይሰንሱ ይደርሳል፤ አሁኑኑ መጀመር የሚቻለው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። እዚያ ስትቀመጡ ግን አኩርፋችሁ ስልክ ትነካካላችሁ። ከዚያ ወንበር የተሻለ መማሪያ ቦታ አላየሁም፤ ጨዋታው በሙሉ ፊት ለፊታችሁ ነው።

እሁድ ጨዋታ አለ። የማይሰለፍ ሁሉ ደብተር ይዞ ይምጣ። አሥር ደቂቃ ኳሱን አትዩ። አንድ አማካይ ብቻ ምረጡና ኳስ ሳይደርሰው ስንት ጊዜ አንገቱን እንዳዞረ ቁጠሩ። ደብተር የረሳ ኮኖቹን ይሰበስባል።