ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል ካምቢዮ፦ የቆዩ መኪኖችን ስለመቀየር ጥያቄና መልስ

ከፋብሪካ አውቶማቲክ ሆነው የወጡ የቆዩ መኪኖችን ወደ ማኑዋል ስለመቀየር የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። መልሶቼ በዋናነት የሚመለከቱት ሞተራቸው ከፊት ሆኖ በኋላ እግር የሚነዱ መኪኖችን ነው፤ ይህ ሥራ በብዛት የሚሠራው በእነርሱ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ ማኑዋል ካምቢዮ ገዝቼ አውቶማቲኩን ባወርድና በቦታው ብተካው አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ካምቢዮው ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሥራውን የሚያዘገየው እርሱ ሳይሆን ትንንሾቹ ዕቃዎች ናቸው። ቮላኖ (በክራንክሻፍቱ ማለትም በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ባለ ጥርስ ዲስክ)፣ የፍሪሲዮን ሸራና ፕሬሸር፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታና የሚገፋው ሹካ፣ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቤት፣ ሦስት ፔዳል የሚይዘው ማቀፊያ፣ ካምቢዮውን ከሥር የሚሸከመው ድጋፍና ልኩ የሚገጥም የካርዳን ዘንግ ሁሉም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የምመክረው ከእርስዎ መኪና ጋር ሞዴሉ፣ ሞተሩና ዘመኑ አንድ የሆነ፣ አካሉ የተጎዳ ማኑዋል መኪና ፈልጎ ዕቃውን እስከ ብሎኑና ስፕሪንጉ ድረስ ሳይበታተን መግዛት ነው። አምራቾች በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ ከዓመት ወደ ዓመት ልኮችን ይለዋውጡ ስለነበር፣ ከየቦታው የተለቃቀመ ዕቃ ሲገጣጠም የሚጠፋው ጊዜ በግዢው ላይ ከተቆጠበው ገንዘብ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አውቶማቲኩን ሳወርድ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ቀዳዳ አየሁ፤ በውስጡ ግን ምንም ኩሽኔታ የለም። እንዲሁ መግጠም እችላለሁ?

መልስ፦ በፍጹም እንዳይገጥሙ። ከካምቢዮው ወደ ሞተሩ የሚገባው ዘንግ ጫፉ የሚያርፈው በዚያ ቀዳዳ ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ ቡሽ ወይም ኩሽኔታ ላይ ነው። አውቶማቲክ መኪና ይህ ስለማያስፈልገው ፋብሪካው ሳይገጥመው ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ቀዳዳውን ራሱን እስከ መጨረሻው ልክ ሳይቦረቡር ይተወዋል። በቆዩት የክራይስለር ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ይህ በሰፊው የሚታወቅ ጉዳይ ነው። ስለሆነም ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የቀዳዳውን ስፋትና ጥልቀት ይለኩ። ልኩ ከሞላ ቡሹን ማስገባት ቀላል ሥራ ነው። ካልሞላ ደግሞ ክራንክሻፍቱን አውርዶ በቶርኖ ማስቦርቦር፣ ወይም የአውቶማቲኩ ኮንቨርተር (በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ኃይል በዘይት የሚያስተላልፈው ክፍል) አፍንጫ ይገባበት በነበረው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀመጥ ለዚሁ የተሠራ ኩሽኔታ መጠቀም ይቻላል። ድጋፍ ያጣ ዘንግ ሸራውን ያወላግዳል፤ ማርሽ ሲገባ ያንኳኳል፤ በመጨረሻም የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ ይበላል።

በዚሁ አጋጣሚ ክራንክሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያደርገውን እንቅስቃሴም ይለኩ። የፍሪሲዮን ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ክራንክሻፍቱ ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ ይህን ግፊት የሚሸከመው ኩሽኔታ አስቀድሞ ያለቀ ከሆነ ሞተሩ ከካምቢዮው በፊት መጠገን አለበት።

ጥያቄ፦ ቮላኖውን ከማንኛውም ተመሳሳይ ሞተር ላይ መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። አንዳንድ ሞተሮች ሚዛናቸው ሙሉ በሙሉ በውስጣቸው የተስተካከለ ሲሆን፣ ሌሎቹ ግን ከሚዛናቸው ከፊሉ በቮላኖው ላይ በሚጨመር ክብደት የሚሟላ ነው። የፎርድ 302 ሞተር ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የቀድሞዎቹ 28 አውንስ-ኢንች የሚባለውን ክብደት ሲፈልጉ፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የወጡት ግን 50 ይፈልጋሉ። ሁለቱ ቮላኖዎች በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ከተገጠመ ግን ሞተሩ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታዎቹም ሳይቆዩ ያልቃሉ። በትንሹ የሼቭሮሌት ስምንት ሲሊንደር ሞተር ላይ ደግሞ እስከ 1985 የነበረው የኋላ ዘይት መከላከያ ባለ ሁለት ቁራጭ ሲሆን በ1986 ወደ አንድ ቁራጭ ተለውጧል፤ ከዚያ ጋር የቮላኖው ብሎኖች አቀማመጥም ተቀይሯል።

የጥርሱን ቁጥርም ይቁጠሩ። በእነዚሁ የሼቭሮሌት ሞተሮች ባለ 153 እና ባለ 168 ጥርስ ቮላኖ ስላለ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ከቮላኖው ጋር የሚሄድ መሆን አለበት። ኮንቨርተሩ የሚታሰርበት ቀጭን ሳህን ብሎኖች ለቮላኖ ስለሚያጥሩም ለቮላኖ የተሠሩ አዲስ ብሎኖች ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ዕቃ ከአንድ መኪና ከተወሰደ የካምቢዮውን ቤት ማዕከል መለካት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል፤ ቤቱ ከሌላ ሞተር ጋር የተገጠመ ነበርና። የልኬት ሰዓቱን በቮላኖው ላይ አስረው ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የቤቱን መካከለኛ ቀዳዳ ዙሪያ ይለኩ። ብዙ ጊዜ ለዘመናዊ ካምቢዮ የሚጠየቀው ልኬት ከ0.005 ኢንች፣ ማለትም ከ0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ነው። ከበለጠ ማዕከላቸው የተዛባ ማስተካከያ ፒኖች ይሸጣሉ።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮኑን በብረት ዘንግ ላድርገው ወይስ በዘይት ግፊት?

መልስ፦ መኪናው ከፋብሪካ ማኑዋል ሆኖ ሲወጣ የነበረውን አሠራር መከተል ይሻላል፤ ለመጠገንም ለመረዳትም ቀላል ነው። የጭስ ማውጫው መንገድ ከዘጋብዎ ወይም የመጀመሪያው ዕቃ ከጠፋ የዘይት ግፊቱ ጥሩ አማራጭ ነው። ነገር ግን የላይኛው ፖምፓ የሚታሰርበት ከሞተሩ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ በወፍራም ብረት ካልተደገፈ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ይታጠፋል፤ በጊዜ ብዛትም ይሰነጠቃል። ፔዳሉ ከሚገባው በላይ እንዳይወርድ ማቆሚያ ያድርጉለት። ለፖምፓው የተፈቀደው ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ዘይት ከሆነ ሲሊኮን ከሆነው ዶት 5 ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ከቀየርኩት በኋላ ሲነሳ ይበልጥ ይፈጥናል?

መልስ፦ በዲፈረንሻሉ ላይ የተመሠረተ ነው። አውቶማቲክ ኮንቨርተር መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል፤ ፋብሪካዎችም ይህን ተማምነው በአውቶማቲክ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ዝቅ ያለ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ እንዲዞር የሚያደርግ ዲፈረንሻል ያስገቡ ነበር። ዲፈረንሻልዎ 2.73 ሆኖ (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳኑ 2.73 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው) አንደኛ ማርሹ 2.20 የሆነ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ቢገጥሙ የሁለቱ ቁጥሮች ብዜት 6 ብቻ ይሆናል፤ በየመብራቱ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተቱ መነሳት ግድ ይሆንብዎታል። ቦርግ ዋርነር ቲ-5 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ አንደኛው 3.35 በሆነው ዓይነቱ ብዜቱን ወደ 9.1 ያደርሰዋል፤ ይህ በጣም የተሻለ ነው። ችግሩ አምስተኛው 0.68 ስለሆነ በ2.73 ዲፈረንሻል ሞተሩ በረጅም መንገድ ላይ ከሚመቸው ፍጥነት በታች መዞሩ ነው። በእኔ እይታ ብዜቱ 10 አካባቢ ሲሆን ለመንገድ መኪና ይስማማል፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

ጥያቄ፦ የካርዳኑ ዘንግ ይቀየራል?

መልስ፦ ርዝመቱና ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ካልገጠመ አዎ። መጨረሻ ላይ፣ ካምቢዮው በቦታው ታስሮ የመኪናው ክብደት በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ይለኩ። የክሮቼራዎቹ (የካርዳኑ ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) ማዕዘን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ፣ የፊቱና የኋላውም ተቀራራቢ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ቁልፍ ሲዞር አልነሳ አለ፤ ምን ረሳሁ?

መልስ፦ አውቶማቲኩ በገለልተኛ ወይም በማቆሚያ ቦታ ላይ ካልሆነ ሞተሪኖውን የሚከለክለውን ማብሪያ። ገመዱን ዝም ብለው አያገናኙት፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ በሚፈቅድ ማብሪያ ይተኩት። የኋላ መሄጃ መብራት ሽቦም ወደ አዲሱ ካምቢዮ መዛወር አለበት።

ጥያቄ፦ የመኪናው ዋጋ አይወርድም?

መልስ፦ የሻንሲ ቁጥሩ ከሞተሩና ከካምቢዮው ቁጥር ጋር የሚገጥም ብርቅ መኪና ከሆነ ሊወርድ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን መኪና እንዲቀይሩ አልመክርም። ሌላውን ግን ወለሉን ሳይቆርጡ፣ አዲስ ቀዳዳ ሳያበዙ፣ የወረደውንም ዕቃ ሁሉ ጠቅልለውና ጽፈውበት በማስቀመጥ ከቀየሩት የሚቀጥለው ባለቤት መመለስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ፦ የካምቢዮውን ዘይት ዓይነት ያረጋግጡ። በብዙ የቆዩ ካምቢዮዎች ጂኤል-5 የተባለው ዘይት ውስጥ ያለው ኬሚካል የነሐስ ሲንክሮዎችን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስማሙትን ቀለበቶች) ሊጎዳ ስለሚችል አምራቹ ያዘዘውን ብቻ ይጠቀሙ፤ ለምሳሌ ቲ-5 በአብዛኛው የሚፈልገው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። አሮጌ የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በአየር ግፊት አያራግፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱት። ከዚያ በኋላ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ከቆመበት በኃይል ሳያስነሱ፣ በከተማ ውስጥ ቆም እያሉ በመንዳት ሸራው ከቮላኖው ጋር እንዲለማመድ ያድርጉ።