«ጀልባ ላይ ልኑር ወይ?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አይቼው ነበር። በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልሆነ እስከ ጠዋት አቆየሁት። «የለንደን ኪራይ ደመወዜን ጨረሰው። ናሮውቦት ገዝቼ ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ብገባበት ይሻላል ወይ? የኖረበት ሰው እውነቱን ይንገረኝ» ነው ያልሽው።

እኔ ስድስት ዊንተር አሳልፌበታለሁ። አሁንም እዚያው ነኝ፤ ከልቤ እወደዋለሁ። ግን የምትገቢው ከኪራይ ለማምለጥ ብቻ ከሆነ አልመክርሽም።

ለማያውቁት ላስረዳ። ናሮውቦት ረጅምና ጠባብ የብረት ጀልባ ነው። ወርዱ ሁለት ሜትር ከትንሽ ነው። እንግሊዞች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦዮቹን ሲቆፍሩ፣ ውሃ እየሞሉና እየለቀቁ ጀልባን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን ባለ በር ክፍሎች፣ ሎክ የሚሏቸውን፣ የብዙዎቹን ወርድ 7 ጫማ ያህል ብቻ አድርገው ሠሩት። ጀልባውም በዚያው ልክ ጠበበ። ያኔ ፈረስ እየጎተተው ድንጋይ ከሰል ያመላልስ ነበር። የእኔ ርዝመቱ 50 ጫማ ነው። እጄን ግራና ቀኝ ስዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ለመንካት ትንሽ ይቀረኛል።

ቤት ውስጥ ቧንቧ ትከፍቺያለሽ፣ ማብሪያ ትጫኚያለሽ፣ አለቀ። እዚህ ውሃውንም፣ መብራቱንም፣ ሙቀቱንም የምታመጪው አንቺ ነሽ። ቆሻሻውንም የምታወጪው አንቺ ነሽ። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜልና ጀሪካን እየሞላን ላደግን ሰዎች ውሃው አይከብድም። ለብቻዬ አንድ ታንከር ሁለት ሳምንት ያቆየኛል፤ ልጅ ካለ ግማሹን ቁጠሪ። የሽንት ቤቱን ካሴት፣ ማለትም ቆሻሻው የሚጠራቀምበትን ሳጥን፣ ግን በየጥቂት ቀኑ ተሸክመሽ መድፊያ ቦታ ትወስጃለሽ። ዝናብም ይሁን በረዶ ቀን አይሰጥሽም።

መብራቱ ከባትሪ ነው። በጋ ላይ ጣሪያዬ ላይ ያሉት ሶላሮች ይተርፉኛል። ዲሴምበር ላይ ግን ምንም ማለት ይቻላል አይሰጡም፤ ሞተር አስነስቼ ነው የምሞላው። እንጀራ መጋገርማ እርሺው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ባትሪዬ የሚችለው ነገር አይደለም። ዘመድ ቤት ጋግሬ አመጣለሁ፣ ካልሆነም እገዛለሁ።

አሁን የምነግርሽን ብቻ ብታነቢ ይበቃኛል። የከሰል ማንደጃ ጀልባ ውስጥ እንዳታስገቢ። ለቡናም ቢሆን፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። አገር ቤት በከሰል ጭስ ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች ወሬ ያልሰማ የለም። እዚያ ቢያንስ በር ሥር ክፍተት አለ። ጀልባ ግን እንደ ቆርቆሮ ሳጥን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምርሽ ጉንፋን ይመስልሻል። የምንሞቀው ጭስ ማውጫ ባለው የብረት ስቶቭ ነው፤ እሱም በየጊዜው ካልተጠረገ ያው ነው። ብርድ ገባ ብለሽ የአየር ማስገቢያዎቹን በጨርቅ አትድፈኚ። ጀልባው በየአራት ዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለበት። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከሌለው አያልፍም። አንዱ አይበቃም፤ መኝታሽ ጋም ስቀዪ። እኔ ጀበናዬን ስቶቩ ላይ ነው የምጥደው። ቀስ ይላል እንጂ ይፈላል። ዕጣን ሲያምረኝ ውጭ፣ ቦዩ ዳር አጨሳለሁ።

ስለ ልጅሽ ደግሞ። ቋሚ ማሰሪያ፣ ማለትም ጀልባሽን ሁልጊዜ የምታስሪበት የራስሽ ቦታ፣ ከሌለሽ ሕጉ ከቦታ ቦታ እንድትጓዥ ያስገድድሻል። የ1995ቱ ሕግ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አያስቆምም። በሁለት ድልድይ መካከል መመላለስም ጉዞ አይባልም። አብዛኞቹን ቦዮች የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው፤ ጀልባዎች የት እንደቆሙ ይመዘግባል። ልጅሽ የሚማረው አንድ ትምህርት ቤት ነው፣ ቤትሽ ግን በየሁለት ሳምንቱ ይርቃል። በዚህ ላይ ከ2024 ጀምሮ ቋሚ ማሰሪያ የሌላቸው ጀልባዎች የፈቃድ ክፍያ ላይ ጭማሪ መጥቷል። ቋሚ ማሰሪያ ደግሞ ለንደን ውስጥ ውድ ነው፤ ሲገኝ ነው እሱም። ሒሳብሽን ከማሰሪያው ጀምሪ። ለልጅ የምትይዢ ከሆነ ሌላ አማራጭ አይታየኝም።

እኔ የተጎዳሁት በግዢው ነው። የሸጠልኝ ሰው «ሥሩ ጤነኛ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ከውሃ አውጥቼ ሳላስመረምር ከፈልኩ። በዓመቱ ሬንጅ ላስቀባ ሳወጣው የብረቱ ውፍረት ቦታ ቦታው ላይ ሳስቶ 3 ሚሊሜትር ደርሷል። ብዙ የመድን ድርጅቶች ከ4 በታች ሲሆን አይቀበሉም። አዲስ ብረት ለማስደረብ 8 ሺህ ፓውንድ ወጣብኝ። ለወላጆቼ ቤት ማደሻ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነበር። ይህን እናቴን በስልክ ማስረዳት ከዊንተሩ ሁሉ ይከብድ ነበር። ስለዚህ ሻጩ የሚያመጣልሽን ሳይሆን ራስሽ የቀጠርሽውን ሰርቬየር (የጀልባ መርማሪ) ይዘሽ ሂጂ። ጀልባው ከውሃ ካልወጣ ቀብድ አትክፈዪ።

ታዲያ ለምን አልወጣህም ትዪኝ ይሆናል። ለንደን አፓርታማ ውስጥ አራት ዓመት ስኖር የጎረቤቴን ስም አላውቅም ነበር። እዚህ ያልታሰረ ገመዴን አይቶ የሚያስርልኝ ሰው አለ። አንድ ጃንዋሪ ቦዩ በረዶ ሰርቶ ቧንቧውም ሲደርቅብኝ፣ ከፊቴ የቆመው ሽማግሌ ሳልጠይቀው ሁለት ጀሪካን ውሃ በሬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እኔም ለገና ቡና አፍልቼ ጠራሁት። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቶ ነው የተነሳው። ማታ ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ደግሞ የልጅነቴ ቆርቆሮ ቤት ነው የሚመጣብኝ። ሌላ ቦታ እንደዚያ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። በጁላይ አይደለም፣ በዊንተር አንድ ሳምንት ጀልባ ተከራይተሽ ከልጅሽ ጋር ኑሪበት። ስቶቩን ራስሽ አቀጣጥዪ፣ ካሴቱን ራስሽ ድፊ። ልጁ ከቤት ሲወጣ የሕይወት ጃኬት ሳያደርግ እንዳይረግጥ፤ ጠርዙ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ውሃውም ገዳይ ብርድ ነው።

አሁን ያለሁት ሊ ወንዝ ላይ፣ ቶተንሃም አካባቢ ነው። እስከ ሚቀጥለው ሳምንት አልንቀሳቀስም። ቅዳሜ ውሃ እሞላለሁ፤ ልጅሽን ይዘሽ ከመጣሽ ሎኩን አብረን እናልፋለን፣ መክፈቻውን እሱ ያዙረው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና የቆምኩበትን ቦታ እልክልሻለሁ።