እግዚአብሔር የማይለወጥ ከሆነ ጸሎቴ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ አንድ ጓደኛዬ የሂደት ፍልስፍና ማንበብ ጀምሯል። «እግዚአብሔርም ከዓለም ጋር አብሮ ያድጋል፤ የማይለወጥ አምላክ ጸሎት ሊሰማ አይችልም» ይለኛል። መልስ አጣሁለት። እውነት መጸለይ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የጓደኛሽን ሐሳብ በደንብ እንየው። በሰፊው ያስተዋወቀው አልፍሬድ ኖርዝ ዋይትሄድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ነው። ዋናውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ እሱ አስተሳሰብ ዓለም የቆመችው በግዑዝ ቁስ ላይ አይደለም፤ ሁሉም ነገር በየቅጽበቱ የሚሆን ክንውን ነው። እግዚአብሔርም በአንድ በኩል ዘላለማዊ ነው፤ በሌላ በኩል ግን በዓለም የሚሆነውን ሁሉ እየተቀበለ ይሞላል። ፍጥረትን ወደ መልካም ይስባል፣ ያግባባል፤ አያስገድድም። ቻርልስ ሃርትስሆርን የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ ደግሞ በኋላ ይህንኑ አስፋፋው።

እነዚህን ሰዎች መዝለፍ አልፈልግም። ዋይትሄድ ልጁን በ1918 እ.ኤ.አ. በጦርነት ያጣ አባት ነበር። ከላይ ተቀምጦ የሰው እንባ የማይገደው አምላክ ቢሰበክልኝ እኔም አልቀበልም።

መፍትሔያቸው ግን ከችግሩ ይብሳል። ገና እየሞላ ያለ አምላክ የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው። ማግባባት ብቻ የሚችል ከሆነ ደግሞ ክፋትን ድል መንሣቱ እርግጠኛ አይደለም። ታዲያ የሙታን ትንሣኤ ተስፋችን «ምናልባት» ሊሆን ነው?

በሚልክያስ 3፥6 «እኔ እግዚአብሔር አልለወጥም» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቀጥሎ ያለው ግን «ስለዚህ እናንተ የያዕቆብ ልጆች ሆይ፥ አልጠፋችሁም» የሚል ነው። አየሽ፣ ሕዝቡ በሕይወት የቆየው ምሕረቱ ስላልተለወጠ ነው። የማይለወጥ ማለት የማያዝን፣ የማይራራ ማለት አይደለም። ፍቅሩ የማይጨምረው ከመጀመሪያውም ሙሉ ስለሆነ ነው።

መከራችንን ለመካፈልም መለኮቱ መለወጥ አላስፈለገውም። ሰው ሆነ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ቄርሎስ ያስተማረው ይህንን ነው፤ በመለኮቱ ሕማም የሌለበት ቃል፣ ማለትም እግዚአብሔር ወልድ፣ በሥጋው ታመመ፣ ሞተ። «ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» (የማይሞት ሕያው ቅዱስ) ብለን በምንጸልይበት በዚያው ጸሎት «ወተሰቅለ ዲበ ዕፀ መስቀል» (በመስቀል እንጨት ላይም ተሰቀለ) እንላለን። ሁለቱንም ለአንዱ ክርስቶስ።

ወደ ጸሎት ስንመጣ፣ ኤርምያስ 18፥7-8ን አንብቢ። እግዚአብሔር ሊያጠፋው የተናገረው ሕዝብ ከክፋቱ ከተመለሰ ጥፋቱን እንደሚተው አስቀድሞ ተናግሯል። የነነዌ ሰዎች ሲመለሱ የሆነውም ይኸው ነው። የተለወጡት እነሱ ናቸው፤ እሱ እንደ ቃሉ አደረገ። ደግሞም እግዚአብሔር እንደ እኛ ዜና አይጠብቅም። ዛሬ ማታ የምትጸልዪው ጸሎት ዓለም ሳይፈጠር በፊቱ ነበር፤ ሊሰጥ ካሰበው ጋር አብሮ የታሰበ ነው። ጌታችንም አባታችሁ ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል ካለ በኋላ ነው «አባታችን ሆይ» ብለን እንድንለምን ያስተማረን።

ጓደኛሽን በክርክር ለማሸነፍ አትቸኩዪ። ምን አሳዝኖት ወደዚህ ሐሳብ እንደሄደ ጠይቂው፤ ጊዜ ሰጥተሽም ስሚው። ከዚያ ትንቢተ ዮናስን አብራችሁ አንብቡ። አጭር ነው፣ አራት ምዕራፍ ብቻ።