ስሙ የጠፋ፣ ቀኑ የታወሰ ፋይል፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ፋይሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፣ ስሙ ግን ተረስቷል፤ የሚታወሰው መቼ እንደተሠራ ብቻ ነው። ሊኑክስና ማክ ላይ ለዚህ የምንጠቀምበት ትእዛዝ «ፋይንድ» ይባላል። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሲተይቡ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፏቸው፤ ሰረዙ፣ ነጥቡና ክፍተቱ ግን እዚህ እንዳለው ነው።

ጥያቄ፦ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኦዲተሮች የ2017 በጀት ዓመት ሰነዶችን በሙሉ አቅርቢ ብለውኛል። ፎልደሩ ውስጥ የስድስት ዓመት ሥራ ተደባልቋል። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ልለይ?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አንድ በአንድ አይክፈቱ። ፋይል መክፈት ብቻውን ቀኑን አይለውጠውም፤ ግን መቶ ፋይል ሲከፈትና ሲዘጋ እጅ አንድ ቦታ ላይ «አስቀምጥ» የሚለውን መጫኑ አይቀርም። ያን ጊዜ የ2017ቱ ሰነድ የዛሬን ቀን ይይዛል፣ የቀድሞው ቀን ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ማሽኑ የኛን ዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ መጀመሪያ ቀኑን እንመንዝር። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሐምሌ 1 ደግሞ በዚህ ዘመን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን እንቁጣጣሽ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትገፋለች፤ ሐምሌ እስኪደርስ ግን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ልዩነቱን ያካክሰዋል። ስለዚህ የ2017 በጀት ዓመት ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። ፎልደሩ ውስጥ ገብተው ይህን ይጻፉ፦

ፋይንድ . -ታይፕ ኤፍ -ኒወርኤምቲ 2024-07-08 ! -ኒወርኤምቲ 2025-07-08

ነጥቧ «ካለሁበት ፎልደር ጀምረህ ወደ ውስጥ ፈልግ» ማለት ናት። «-ታይፕ ኤፍ» ፎልደሮቹን ትቶ ፋይሎቹን ብቻ ያወጣል። «-ኒወርኤምቲ» ይዘቱ ከተባለው ቀን ወዲህ የተለወጠውን ይፈልጋል፤ ቃለ አጋኖዋ ደግሞ ታፈርሳለች፣ «ከዚህ ቀን ወዲህ ያልሆነውን» ትላለች። መጨረሻ ላይ > ምልክትና አንድ የፋይል ስም ቢጨምሩ ዝርዝሩ እዚያ ይጻፍልዎታል።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። በ2017 ተሠርቶ በነሐሴ 2017 የታረመ ሰነድ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ነሐሴ የ2018 በጀት ዓመት ነውና። ስለዚህ ከጁላይ 8 ቀን 2025 ወዲህ የተለወጡትንም ለብቻ አውጥተው በዓይን ይዩአቸው። ሁለተኛ፣ ፋይሎቹ ከአሮጌ ማሽን በተራ «ሲፒ» ትእዛዝ የተገለበጡ ከሆነ ሁሉም የተገለበጡበትን ቀን ይዘዋል። ቀኑን ጠብቆ የሚገለብጠው «ሲፒ -ፒ» ወይም «አርሲንክ -ኤ» ነው። ይህ ደርሶብዎት ከሆነ ፍለጋውን አሮጌው ዲስክ ላይ ያድርጉ፤ እውነተኛው ቀን ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። ከአንድ ቀን በላይ የቆየውን ለማግኘት «-ኤምታይም +1» አልኩ። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት የጻፍኩት ኮድ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አልወጣም። እንዴት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎችም እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ፋይንድ ቀን ሲል የግድግዳ ካሌንደር ላይ ያለውን ቀን ማለቱ አይደለም። ትእዛዙን ከሰጠህባት ደቂቃ ወደ ኋላ እየቆጠረ በ24 ሰዓት ይከፍላል፣ ትርፉን ደግሞ ይጥላል። ከቅዳሜ 10 ሰዓት እስከ ሰኞ 3 ሰዓት 41 ሰዓት ነው። ለ24 ሲካፈል አንድ ሙሉ ቀን ወጥቶ 17 ሰዓት ይተርፋል፣ 17ቱ ተጣለ፣ ፋይልህ «የ1 ቀን» ሆነ። +1 ደግሞ ከ1 የሚበልጥ ማለት ስለሆነ 2 ያልሞላ አይገባም። ማለትም በሊኑክስ «-ኤምታይም +1» 48 ሰዓት ያለፈው ብቻ ነው። ያንተን ፋይል የሚያወጣው «-ኤምታይም 1» ወይም «-ኤምታይም +0» ነበር።

«ዛሬ የነካሁትን ብቻ» ስትል ደግሞ ከ«-ኤምታይም 0» በፊት «-ዴይስታርት» ጨምርበት፤ ቆጠራው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምራል። ማሽኑ ቀን የሚለውጠው እንደኛ ሲነጋ ሳይሆን ሌሊት ነው።

ጥያቄ፦ ሰርቨር ላይ ከ30 ቀን በላይ የሆናቸውን ሎጎች (ፕሮግራሞች የሥራቸውን ማስታወሻ የሚጽፉባቸውን ፋይሎች) በ«-ዲሊት» ማጥፋት እፈልጋለሁ። የምጠነቀቀው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ እሱም ቅደም ተከተሉ ነው። ፋይንድ ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራል፤ «-ዲሊት» ከ«-ኤምታይም +30» ቀድሞ ከተጻፈ ዕድሜውን ሳይጠይቅ ሁሉንም ያጠፋል። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ አንድ ባልደረባዬ ገልብጦ ጽፎ ኢንተር ሲጫን አጠገቡ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ አንድም ቃል አልወጣም፣ ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ምን እንደሆነ የገባን ሌላ ክፍል ያለች ልጅ ስልክ ደውላ «ፋይሎቼ የት ሄዱ?» ስትል ነው። መጠባበቂያ ቅጂው ሁለት ሳምንት የቆየ ነበር፤ የሁለት ሳምንት የሰዎች ሥራ ሄደ። የልጅቷን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ መጀመሪያ «-ዲሊት»ን ሳይጨምሩ ያስኪዱትና የወጣውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ካመኑበት ያንኑ መስመር መልሰው ጫፉ ላይ ብቻ ይጨምሩት። ዝርዝሩን ለሌላ ትእዛዝ በ«ኤክስአርግስ» የሚያስተላልፉም ይጠንቀቁ፦ «የሐምሌ ሪፖርት» የሚል ስም መሐሉ ላይ ክፍተት ስላለው «የሐምሌ» እና «ሪፖርት» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ተደርጎ ይወሰዳል። መድኃኒቱ ፋይንድ ላይ «-ፕሪንት0»፣ ኤክስአርግስ ላይ «-0» ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂንያ ነው። አዲስ አበባ የተቀዱ የመዝሙር ፋይሎች በፍላሽ መጡልኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ከገለበጥኳቸው በኋላ ሰዓታቸው ከእውነተኛው በሰባት ሰዓት ይለያል።

መልስ፦ ፍላሹ የተደራጀው ፋት32 በሚባለው የቆየ የፋይል አያያዝ ዘዴ መሆን አለበት። ፋት32 የሚይዘው በአካባቢው ሰዓት የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው፣ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ አይመዘግብም። አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 15:00 የተቀዳው እናንተ ጋም 15:00 ተብሎ ይነበባል፤ በእውነቱ ግን ያን ጊዜ ቨርጂንያ ገና ጠዋት 8:00 ነበር። ልዩነቱ በበጋችሁ 7፣ ሰዓት ስትቀይሩ በክረምታችሁ 8 ይሆናል። ወደፊት የሚልኩልዎ ሰዎች በ«ታር» ጠቅልለው ይላኩ፤ ታር ጊዜውን የሚይዘው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ አሁን በ«ደብሊውጌት» (ከኢንተርኔት ፋይል በሚያወርደው ትእዛዝ) ያወረድኩትን ፋይል «-ኤምሚን -10»፣ ማለትም ባለፉት 10 ደቂቃዎች የተለወጠ፣ ብዬ ብፈልግ የለም።

መልስ፦ ደብሊውጌት ሰርቨሩ የነገረውን የቆየ ቀን ለፋይሉ ይሰጠዋል። «-ሲሚን -10» ይበሉ። ሲ የተባለችው ብዙዎች እንደሚያስቡት የተፈጠረበት ጊዜ አይደለችም፤ የፋይሉ መዝገብ (ስሙ፣ ፈቃዱ፣ ቀኑም ጭምር) የተነካበትን ጊዜ ታሳያለች፣ ስለዚህ የማውረዱን ደቂቃ ትይዛለች።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይስ?

መልስ፦ «ፎርፋይልስ /ኤስ /ዲ -30» ከ30 ቀን ወዲያ የሆኑትን ያወጣል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል እከታተላለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር የአንዳንዶቹ ሰዓት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተማሪዎቹ ሥራም በዚያው ቀን ይመዘገባል። በቀን መፈለግ አልቻልንም።

መልስ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃለች፤ በአብዛኛው ሲአር2032 ናት፣ ርካሽ ናት፣ በእጅ ትነቀላለች። መጀመሪያ እሷን ይቀይሩና ሰዓቱን ያስተካክሉ። ከዚያ የተማሪዎቹ ፎልደር ውስጥ ገብተው ኮምፒውተሮቹ ከተገዙበት ቀን የሚያረጁትን ያውጡ፦ ክፍሉ በ2019 በፈረንጆቹ ከተከፈተ «ፋይንድ . -ታይፕ ኤፍ ! -ኒወርኤምቲ 2019-01-01»። ከተጨመቀ ፋይል የተፈቱ የመማሪያ ሰነዶች በእውነትም ያረጁ ሊሆኑ ስለሚችሉ እነሱን ይተዉ። የተማሪ ሥራ የሆነውን፣ ተማሪው መቼ እንደሠራው የሚያስታውስ ከሆነ፣ በ«ተች -ዲ» ትክክለኛውን ቀን ይስጡት፦ ተች -ዲ "2025-03-10 14:00" ከዚያም የፋይሉ ስም። ልጁ «ከሰዓት 8 ላይ» ካለ የሚጽፉት 14:00 ነው።