የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሲሚንቶው ከጭቃው ግድግዳ ለምን ተገሸለጠ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ያለው የጭቃ ቤታችን በሲሚንቶ ከተለሰነ ሁለት ክረምት አለፈው። ልስኑ አሁን ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስም በትልልቁ እየተገሸለጠ ይወድቃል። ለሳኙ «ሲሚንቶ አንሶት ነው፤ አጠንክረን እንድገመው» ይላል። እንስማው?

መልስ፦ አይስሙት። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ዝናብና ከመሬት የሚሳበው እርጥበት መውጫ ያጣሉ። ልስኑ ሲጠነክር ይህ ይብሳል። ውስጥ ውስጡን የሚበሰብሰው ደግሞ የባሕር ዛፉ ቋሚና ማገር ነው። ልስኑ በወደቀበት በኩል ቋሚውን ከሥሩ በቢላዋ ወጋ ያድርጉት፤ ጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያለ ችግር ከገባ መጀመሪያ እንጨቱ ይቀየር።

ቀጥሎ የውሃው ነገር ነው። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፣ አሸንዳም ይግባለት። ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ካለ ተነሥቶ የድንጋዩ መሠረት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይታይ። ይህ ሳይሠራ መለሰን ገንዘብ መጣል ነው።

የቀረውን ሲሚንቶ አራግፈው ግድግዳውን ሦስት አራት ሳምንት ያናፍሱት። ለምርጊቱ ጥቁሩን መረሬ አይንኩ፤ በበጋ ማሳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው እሱ ነው። አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ አሸዋና አንድ እጅ የጤፍ ጭድ ተቦክቶ፣ በየቀኑ እየተረገጠ ሳምንት ይደር። ያለዎት የገብስ ጭድ ከሆነ በጣት ርዝመት ይከተፍ። መጀመሪያ ክንድ በክንድ የሚሆን ቦታ ላይ ይሞክሩት፦ ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ፣ ሲታሽ ከተራገፈ አፈር ይጨመር። ከዚያ ግድግዳውን ውሃ ረጭተው በሁለት ዙር ይምረጉት፤ ሲደርቅ ኖራ በቀጭኑ ሦስት ጊዜ ይቀባ።

ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ግን ውርጭ አለ። እርጥብ ልስን ውስጥ ያለው ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ ያብጥና ልስኑን ያላቅቀዋል። ፀሐይ ስትሞቅ ይጀመር፣ እስከ ቀትር ያብቃ፤ ማታ ጆንያ ይጋረድበት።

ጥያቄ፦ ጣራችን አያፈስም፤ ሆኖም ንጋት ላይ ከቆርቆሮው ውሃ ይንጠባጠባል።

መልስ፦ የእናንተው ትንፋሽና የማድቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ኮርኒስ ይሠራ፤ ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱም ጫፍ ወንፊት ሽቦ የተገጠመለት መተንፈሻ ይተው። ሙቀት ይይዛል ብለው ኮርኒሱ ላይ ጭድ የሚነሰንሱ አሉ። ይይዛል፤ የመብራት ሽቦ በሚያልፍበት ጣራ ሥር ግን አይሞከርም።